ለጀማሪ ውድ ቢሲክሌት ይጠቅመዋልን?

በጋምቤላ ከተማ ሥራ የያዘ የወንድማችን ልጅ፣ ለረዥም ጉዞ ተብሎ የተሠራ ውድ ቢሲክሌት ለመግዛት ገንዘብ እንድናበድረው ጻፈልን። ነድቶ ግን አያውቅም። በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ ከኢትዮጵያውያን መጀመሪያ ሆኖ የተወዳደረውን ጽጋቡ ግርማይን ጠቅሶብናል። መልሳችን ለሌሎች ቤተ ሰቦችም ይጠቅም ይሆናል ብለን ከዚህ እንጽፋለን።

የቢሲክሌቱ መልካምነት አይካድም። መሪው ከፍ ስለሚል የነጂው ወገብ ብዙ አይጎብጥም፤ ጎማውም ከእሽቅድምድሙ ቢሲክሌት ሰፋ ስለሚል የመንገዱን ንዝረት ያበርዳል። ነገር ግን ይህ ጥቅም የሚታወቀው ብዙ ሰዓት ለሚነዳ ሰው ነው። ጋምቤላ ከተማ በባሮ ወንዝ ዳር ያለች፣ ከፍታዋም 500 ሜትር ያህል የሆነ ሞቃትና ሜዳማ ስፍራ ናት፤ ከቤት እስከ መሥሪያ ቤት ለመመላለስ ብዙ ማርሽ አያሻም። የክረምቱም ጭቃ ለውዱና ለርካሹ አያዳላም። የዘይት ፍሬን ቢበላሽ ዕቃውን ከሩቅ ማስመጣት ግድ ይሆናል፤ የሽቦውን ፍሬን ግን የሰፈር ጠጋኝ ያበጀዋል።

ለጀማሪ ከዋጋው ይልቅ ልኩ ይበልጣል። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበቱ ጥቂት ብቻ እንዲታጠፍ ኮርቻውን ያስተካክል፤ ጎማውን በልኩ ይንፋ።

ይህን ማለታችን ከንፉግነት አይደለም። ልጃችን በተራ ቢሲክሌት አንድ ዓመት ይንዳ። ወደ ኢታንግና ወደ አቦቦ መሄድ ከለመደ በኋላ ፍቅሩ ካልበረደ፣ የጠየቀው ገንዘብ በእጃችን ተቀምጦ ይጠብቀዋል።