«ምንም አልሆንኩም»

ከዳባት ወደ ጎንደር ስንመለስ አጎቴ የሚነዳው ሞተር ኮረት ላይ ተንሸራቶ ጣለን። አቧራችንን አራገፍን፣ «እግዜር ይመስገን፣ ምንም አልሆንን» ተባባልንና ቀጠልን።

ማታ ራሴን ሲያመኝ የዶርም ጓደኛዬ «ተነስ፣ ሐኪም ይይህ!» ብሎ ጎትቶ ወሰደኝ። ሐኪሙ «ራስህን ስተህ ነበር? አስመልሶሃል?» እያለ ጠየቀኝ። ለካስ ጭንቅላት ውስጥ የሚፈስ ደም ምልክቱን ከሰዓታት በኋላ ሊያሳይ ይችላል! ተመስገን፣ እኔ ደህና ነበርኩ። አጎቴ ግን እጁን በወጌሻ ሲያሳሽ ሰንብቶ፣ ከሳምንት በኋላ ራጅ ሲነሳ አንጓው ተሰብሮ ተገኘ። ይህ የሆነው ከ1940ዎቹ ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታስተምር በኖረች ከተማ አጠገብ ነው።

እኛስ ብንሆን፣ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች፣ «ቀላል ጉዳት ደርሷል» ብለን ዜና ስንጽፍ ማን መርምሮ ነግሮን ነው? ጉዳት ቀላል የሚባለው ሐኪም ካየው በኋላ ነው። በገንዘብ እንዳናሳብብ ደግሞ በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 በተሽከርካሪ አደጋ ለተጎዳ ሰው የድንገተኛ ሕክምና መብት ሰጥቷል።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ምስጋናው ይቅደም፤ ምርመራውም እዚያው ቀን ይከተል።