ዐጸዱ ባዶ መሬት አይደለም

በነጌሌ ቦረና በሰንበት ማለዳ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚገሰግሰው ምእመን ሁሉ ከሕንፃው ውስጥ አይገባም። ሕፃን ያዘለችው እናት፣ በልማደ አንስት ላይ ያለችው ሴት፣ ቅዳሴው ከገባ በኋላ የደረሰው መንገደኛ፣ ራሱን ለመቅረብ ያልበቃ አድርጎ የሚቆጥረው ጎልማሳ፣ ሁሉም ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው፣ ከግንቡ ጥግ ወይም ከዛፍ ሥር ተጠግተው ያስቀድሳሉ። ለእነዚህ ሰዎች ቤተ ክርስቲያን ማለት ዐጸዱ ነው። ሥርዓቱም ቢሆን ከመቅደስ፣ ከቅድስትና ከቅኔ ማኅሌት ባሻገር ዐውደ ምሕረቱንና ደጀ ሰላሙን የጸሎትና የትምህርት ስፍራ አድርጎ ያቆያቸው፣ በውጭ የሚቆመው ሕዝብ ከማኅበሩ የተቆረጠ እንዳልሆነ ስለሚያውቅ ነው።

በሀገራችን ከተሞች ይህ ዐጸድ ከሁለት ወገን ሲጠብብ ኖሯል። ከውጭ ከተማው እየሰፋ፣ መንገዱና ሕንፃው እየተጠጋው መጥቷል፤ ከውስጥ ደግሞ ለኪራይ የሚሠሩ ሱቆች፣ አዳራሾችና በሲሚንቶ የታነጹ መቃብሮች ዛፉንም መቆሚያውንም ተሻምተዋል። አዲስ አበባ በዚህ ረገድ ያጣችውን መመለስ እንደማይቻላት በየአጥቢያው ዙሪያ የተደረደሩት ሱቆች ይመሰክራሉ። ነጌሌ፣ ያቤሎ፣ ሜጋና ሞያሌ ግን ገና በማደግ ላይ ያሉ ከተሞች በመሆናቸው፣ ዋና ከተማይቱ የሄደችበትን መንገድ የመከተል ግዴታ የለባቸውም።

በቆላው ጉዳዩ ከደጋው ይልቅ ይከብዳል። የበዓላቱና የአጽዋማቱ ዑደት የታወቀው በደጋው ክረምትና በጋ ነው፤ የቦረና ምድር ዝናብ ግን በሌላ ሥርዓት ይመጣል። ዋናው ዝናብ፣ ጋና፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይጥላል፤ አነስተኛው፣ ሀገያ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር። በሰሜን ሰዎች በጎርፍና በጭቃ ውስጥ ለፍልሰታ ኪዳን ሲወጡ፣ የነጌሌ ምእመን በደረቅ ወራት ላይ ነው፤ ጥር 10 ቀን ታቦቱ ወደ ጥምቀተ ባሕር ሲወርድም ምድሪቱ ቦና በሚባለው ደረቅ ወቅት መካከል ትገኛለች። ስለዚህ በደጋው ለግርማ ሞገስ የሚወደደው ዛፍ፣ በዚህ አገር አዛውንቱና ነፍሰ ጡሯ ቅዳሴው እስኪያልቅ መቆም መቻላቸውን የሚወስን ጥላ ነው። በነጌሌ ውኃ የቱን ያህል እንደሚያስጨንቅም ታሪካችን መዝግቦታል፤ ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በከተማይቱ የነበረው የአራተኛው ብርጌድ ሠራዊት ያመፀው በምግብና በመጠጥ ውኃ ጉዳይ ሲሆን፣ ያ አመፅ ከአብዮቱ መነሻዎች አንዱ ሆኗል።

ዐጸዱ ለጸሎት ብቻ የሚያገለግል ስፍራም አይደለም። የሰንበት ተማሪዎች መዝሙር የሚያጠኑት፣ የአብነት ተማሪ ፊደል የሚቆጥረው፣ ሰንበቴው ጸበል ጸዲቅ የሚቀምሰው፣ የተጣሉ ጎረቤታሞች በሽማግሌና በካህን ፊት የሚታረቁት፣ ነዳያን የዕለት ጉርሳቸውን የሚጠብቁት፣ ሐዘንተኛው ከቀብር በኋላ ወዳጆቹን ተደግፎ የሚቆመው በዚሁ ነው። ይህ ልማድ በአካባቢው ባዕድ ሆኖ የተተከለ አለመሆኑም ሊሰመርበት ይገባል። የቦረና ኦሮሞ ሕግ የሚነገረው፣ ዳኝነቱም የሚሰማው ከዛፍ ጥላ ሥር ነው፤ በየ8 ዓመቱ የሚደረገው የጉሚ ጋዮ ጉባኤም በአደባባይ የሚካሄድ ነው። ዩኔስኮ የገዳ ሥርዓትን በ2009 ዓ.ም.፣ የጥምቀት በዓልን በ2012 ዓ.ም. በማይዳሰስ የዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ ሁለቱም ከግድግዳ ውጪ፣ ከሰማይ በታች የሚፈጸሙ መሆናቸው የአጋጣሚ ነገር አይደለም፤ ይህ ሕዝብ ታላላቅ ጉዳዮቹን በሜዳ ላይ መፈጸም የለመደ ሕዝብ ነው።

እንግዲህ ኃላፊነቱ የማን ነው? በመጀመሪያ የከተማ አስተዳደሮች ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 የአምልኮ ቦታዎች ከጨረታ ውጪ በምደባ እንዲሰጡ የደነገገው፣ አምልኮ በገበያ ዋጋ እንደማይመዘን በመገንዘብ ነው። ከዚህ ድንጋጌ መንፈስ የሚከተለው፣ የይዞታ ማረጋገጫ ሲሰጥ የሕንፃው መሠረት ያረፈበት ብቻ ሳይሆን ቅጽሩ በሙሉ፣ ዐጸዱና የጥምቀተ ባሕሩም ቦታ ጭምር ተለክተው እንዲመዘገቡ ነው። ሣር የበቀለበትንና ዛፍ የቆመበትን ይዞታ «ያልለማ» ብሎ መጥራት ስህተት ነው። ይህ ፍርዳችን ለአንድ እምነት ያደላ እንዳይመስል፣ የመስጊድ ቅጥርና የዒድ ሶላት ሜዳ፣ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ግቢም በዚሁ ሚዛን ሊታዩ እንደሚገባ እንጨምራለን።

ሁለተኛውና የሚከብደው ኃላፊነት የሰበካ ጉባኤያት ነው። ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ የአጥቢያ አስተዳደር በቤተ ክርስቲያኒቱ ደንብ፣ በቃለ ዓዋዲ፣ መሠረት ካህናትንና ምእመናንን ያቀፈ በመሆኑ፣ ዐጸዱ ሲሸነሸን «ሳናውቅ ተደረገ» ሊሉ አይችሉም። የገቢ ችግር መኖሩን እናውቃለን፤ የካህናት ደመወዝና የአብነት ትምህርት ቤት ቀለብ ከየትም መምጣት አለበት። ነገር ግን ሱቅ ለመሥራት ከመንገድ ዳር ያለው የአጥሩ መስመር እያለ፣ ሕዝቡ የሚሰግድበትን ሜዳ መሸንሸን በችግር ስም ሊጸድቅ አይችልም። በሰሙነ ሕማማት ምእመኑ በግንባሩ የሚወድቅበት መሬት በንጣፍ ድንጋይና በመቃብር ሐውልት ከተሸፈነ፣ የተወሰደበት መስገጃው ነው።

ዛፉን በተመለከተ ከሰሜን የሚወሰድ ትምህርት አለ። ብዙ አንባቢ በ«እመጓ» ደራሲነት የሚያውቃቸው የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ከብት የሚገባበት ደን ችግኝ እንደማይተካ አሳይተዋል፤ በኋላም በአንዳንድ አጥቢያዎች የድንጋይ ካብ ታጥሮ ደኑ እንዲያገግም ተደርጓል። ለቆላው የሚበጀው የደጋውን ዛፍ ሁሉ መቅዳት ሳይሆን ምድሩ የሚያውቀውን ግራርና ወይራ ተክሎ ማጠር፣ በጋናና በሀገያ ከቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ የሚወርደውን ውኃም በገንዳ አጠራቅሞ በቦና ችግኙን ማጠጣት ነው።

ስለዚህ የሚመለከታቸው የከተማ አስተዳደሮች የቀሩትን ዐጸዶችና የጥምቀተ ባሕር ቦታዎች በሙሉ ስፋታቸው እንዲመዘግቡ፣ የየአጥቢያው ሰበካ ጉባኤም ምእመናኑን በጉባኤ ሳያማክር በቅጽሩ ውስጥ አንድም አዲስ ግንባታ እንዳይጀምር፣ ዛፍም እንዳይቆርጥ እንጠይቃለን። መትከያው ወቅት ጋና ነው፤ ጉድጓዱ ግን ከዚያ በፊት፣ በቦና መቆፈር ይኖርበታል።