የገጠሩ ሕፃን ጨዋታ የትምህርቱ መሠረት ነው

የአንድ ኅብረተሰብ ዕድገት የሚለካው በሚያቆማቸው ሕንፃዎችና በሚዘረጋቸው መንገዶች ብቻ አይደለም። የነገውን ገበሬ፣ የነገውን ሠራተኛ፣ የነገውን ሐኪምና መሐንዲስ እንዴት ኮትኩቶ እንደሚያሳድግ ጭምር ነው። ይህም ኩትኳቶ የሚጀምረው ልጁ ሰባት ዓመት ሞልቶት የአንደኛ ክፍልን ደጃፍ ሲረግጥ ሳይሆን፣ ገና በጭቃና በጠጠር፣ በአገዳና በእንጨት ዓለምን መመርመር ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ነው። ስለዚህም ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናነሣው ጥያቄ ለብዙዎች ቀላል መስሎ ቢታይም፣ በእውነቱ ግን የአንድን ትውልድ ዕጣ የሚነካ ነው። የገጠሩ ሕፃን በአፀደ ሕፃናት ውስጥ ምን ሲሠራ ይዋል?

ከተጨባጩ ሁኔታ እንነሣ። በብዙ የገጠር ትምህርት ቤቶች ቅጥር ግቢ ውስጥ ዛሬ «ዜሮ ክፍል» የሚባል አለ። ከአንዱ ጎራ ብንል፣ ገና አንደኛ ክፍል ያልደረሱ ሕፃናት ለትላልቅ ተማሪዎች በተሠራ አግዳሚ ወንበር ላይ እግራቸው መሬት ሳይነካ ተደርድረው እናገኛለን። መምህርቷ ሰሌዳውን በአርጩሜ እየጠቆመች ትጠራለች፤ እነሱም ተከትለው ያስተጋባሉ። የፊደል ገበታው 33ቱን ፊደላት በሰባት ሰባት ድምፅ ዘርዝሮ 231 ሆሄያት ይዟል። ሕፃናቱ በዜማው ከላይ እስከ ታች ይወርዱታል። አንዱን ሆሄ ከመካከል ነጥለው «ይህስ ማነው?» ሲሏቸው ግን፣ ከመጀመሪያው ጀምረው እያዜሙ ካልደረሱበት በቀር አያውቁትም።

ደወሉ ይደወላል፤ ሕፃናቱም ወደ ደጅ ይፈስሳሉ። ከግራሩ ጥላ ሥር አንዷ ጭቃ አቡክታ እንጀራ ትጋግራለች። ሌላው ሁለት የማሽላ አገዳ በሬ አድርጎ ይጠምዳል። ሦስተኛው ዱላውን በእግሮቹ መካከል አድርጎ ፈረስ ይጋልባል። መምህርቷ ይህን ጊዜ «ዕረፍት» ብላ ትጠራዋለች። እኛ ግን ዋናው ትምህርት የተጀመረው ገና ያን ጊዜ ነው እንላለን።

ይህ አባባል የስሜት ሳይሆን የሳይንስ ነው። ጀርመናዊው የትምህርት ሊቅ ፍሪድሪክ ፍሮቤል እ.ኤ.አ. በ1837 በባድ ብላንከንቡርግ ለትንንሽ ልጆች የጨዋታ ተቋም ሲያቆም፣ ከሦስት ዓመት በኋላም በ1840 «የሕፃናት አትክልት ሥፍራ» የሚል ስም ሲሰጠው፣ የሥራው ምሰሶ ጨዋታ ነበር። እኛም «አፀደ ሕፃናት» የምንለው ስም ትርጉሙ ከዚያው ጋር አንድ ነው። አድኃሪው የፕሩሲያ ንጉሣዊ መንግሥት ግን እ.ኤ.አ. በ1851 አፀደ ሕፃናትን በአዋጅ ከለከለ፤ ክልከላውም እስከ 1860 ጸና። ራሱን ችሎ የሚያስብ ሕፃን ነገ ራሱን ችሎ የሚያስብ ዜጋ ይሆናልና፣ የበላይ ገዢዎች የሕፃናትን ጨዋታ እንኳ በጥርጣሬ ዓይን ማየታቸው ሊያስደንቀን አይገባም።

ከፍሮቤል በኋላ ጉዳዩን በጥልቀት የመረመረው የሶቪየቱ የሥነ ልቡና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1934 ገና በ37 ዓመቱ ቢሞትም፣ በመጨረሻ ዘመኑ ስለ ጨዋታ ያስተማረው ትምህርት ዛሬም የመስኩ መሠረት ነው። ቪጎትስኪ ከተነሣባቸው ምሳሌዎች አንዱ ከግራሩ ሥር ያየነው ያው ልጅ ነው፤ ዱላን ፈረስ አድርጎ የሚጋልበው ልጅ። ሕፃኑ ዱላው ፈረስ አለመሆኑን አሳምሮ ያውቃል። ነገር ግን «ፈረስ» የሚለውን ሐሳብ ከእውነተኛው ፈረስ ለይቶ በዱላው ላይ ያኖረዋል። አንድን ነገር በሌላ ነገር መወከልን የሚለማመደው እንዲህ ነው።

እንግዲህ ፊደል ምንድን ነው? በወረቀት ላይ የተሰመረ ጭረት አይደለምን? ጭረቱ ድምፅ አይደለም፤ ድምፅን ይወክላል እንጂ። አምስት ቁጥርም አምስት በግ አይደለም፤ አምስት በግን ይወክላል እንጂ። ዱላን ፈረስ ማድረግ የቻለ አእምሮ፣ ጭረትን ድምፅ ለማድረግ በመንገድ ላይ ነው። ዱላውን ከእጁ ነጥቀን በዜማ ብቻ የምናሳድገው ልጅ ግን ጭረቱን እያየ ምን እንደሚወክል ሳይገባው ይጮኻል። ስለሆነም ጨዋታና ፊደል ባላንጣዎች አይደሉም፤ ጨዋታ ወደ ፊደል የሚያደርስ መንገድ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብም ይኸው ነው።

በዚህ ረገድ የገጠሩ ሕፃን ድሀ አይደለም። ገበጣን እንውሰድ። በመሬት ላይ በሁለት ረድፍ 12 ጉድጓዶች ተምሰው በየጉድጓዱ አራት አራት ጠጠር ቢደረግ፣ በሕፃኑ ፊት 48 ጠጠሮች አሉ። እያንዳንዷን ጠጠር ለየጉድጓዱ ሲያድል መቁጠርን፣ የቀረውን ሲገምት መቀነስን፣ ተጋጣሚው ወዴት እንደሚሄድ ሲያሰላ አርቆ ማየትን ይለማመዳል። በዕቃ ዕቃ ጨዋታ አንዷ እናት፣ አንዱ አባት፣ አንዱ እንግዳ ሲሆኑ፣ የሥራ ክፍፍልንና ተራ መጠበቅን ይማራሉ፤ የትልቅ ሰው ቋንቋም ከአፋቸው ይወጣል። እንቆቅልሽ የማመዛዘን ትምህርት ነው። ሰኞ ማክሰኞ የሰውነት ሚዛንን፣ የጭቃ በሬ መሥራት ደግሞ ነገ እርሳስ የሚጨብጡትን ጣቶች ያጠነክራል። ለዚህ ሁሉ ከውጭ አገር የሚገዛ የፕላስቲክ አሻንጉሊት አያስፈልግም። ጭቃው ከወንዝ፣ ጠጠሩ ከመንገድ፣ አገዳው ከማሳ፣ ተረቱ ከአያቶች አንደበት ይገኛል።

እዚህ ላይ ከወላጆች የሚነሣውን ተቃውሞ ሳንሸፋፍን ልናየው ይገባል። ብዙ ገበሬ «ልጄ የሚጫወት ከሆነ ከቤቱ ይጫወት፤ ጥጃም ይጠብቅልኝ። ትምህርት ቤት የሰደድኩት ፊደል እንዲቆጥር ነው» ይላል። ይህን ንግግር ኋላ ቀርነት ብሎ ማጣጣል ስሕተት ነው። ሰውየው የጉልበት እጥረት አለበት፤ የልጁን ጉልበት ሲለቅ የሚያጣው ነገር አለ፤ ስለዚህም ላጣው ነገር የሚታይ ዋጋ ይጠይቃል። መልሱም በተግባር የሚታይ መሆን አለበት። በአፀደ ሕፃናት ውስጥ ያለ ጨዋታ ከብት ጥበቃ ላይ ካለው ጨዋታ የሚለየው፣ ዓላማ ያለውና በመምህር የሚመራ በመሆኑ ነው። መምህርቷ ከጭቃ እንጀራ ጋጋሪዋ ልጅ አጠገብ ቁጭ ብላ «ስንት እንግዳ አለብሽ? እንጀራውስ ይበቃል ወይ?» ስትል ሒሳብ ተጀመረ። የልጅቷን ስም በአሸዋው ላይ ጽፋ «የዚህች ቤት ባለቤት ማነች?» ስትል ንባብ ተጀመረ።

የጥንቱን የአብነት ትምህርት ቤት በመጥቀስ የሚሞግቱም አሉ። የኔታ በቃል ጥናት ስንት ሊቅ አፍርተዋል፤ ለዚህም ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን በዚያ ሥርዓት ጸንተው ሊቅ የሆኑትን ስንቆጥር፣ ፊደል ሳይገባቸው በመንገድ የቀሩትን አለመቁጠራችንን ልብ እንበል። የዛሬው ትምህርት ቤት ዓላማ ጥቂቶችን አንጥሮ ማውጣት ብቻ ሳይሆን፣ የመላውን ሕዝብ ልጆች ማድረስ ነው።

ሌላም ብዙ ጊዜ የሚረሳ ጉዳይ አለ። በገጠር የሕፃን መዋያ በሌለበት ቀበሌ፣ እናት ወደ ማሳ ወይም ወደ ውኃ ስትወርድ ሕፃኑን የሚይዘው ማን ነው? አብዛኛውን ጊዜ ታላቅ እኅቱ ናት። ይህች ልጅ ታናሿን በጀርባዋ አዝላ፣ እኩዮቿ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ በአጥር ቀዳዳ ታያለች። ስለዚህም በአንድ ቀበሌ የሚከፈት አፀደ ሕፃናት ሁለት ልጆችን በአንድ ጊዜ ነጻ ሊያወጣ ይችላል፤ ታናሹን ወደ ጨዋታ፣ ታላቋን ወደ ትምህርት።

አገራችን በዚህ መስክ ከባዶ አልተነሣችም። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የሕፃናት ኮሚሽን ተቋቁሞ፣ የቀበሌና የገበሬ ማኅበራት አፀደ ሕፃናትን በየአካባቢያቸው እንዲያቋቁሙ ጥረት ተደርጎ ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የቅድመ መደበኛ ትምህርትን ቢጠቅስም፣ ሥራው በአመዛኙ ለግል ባለሀብቶችና ለበጎ አድራጊዎች ተተወ። ውጤቱም መደባዊ መልክ ያዘ፤ ከፍሎ ማስተማር የሚችለው የከተማ ነዋሪ ልጅ አፀደ ሕፃናት ሲገባ፣ የገበሬውና የዝቅተኛ ደመወዝተኛው ልጅ ከደጅ ቀረ። በ2002 ዓ.ም. ብሔራዊ የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ፖሊሲ ማዕቀፍ ወጣ፤ ዜሮ ክፍልም በየመንግሥት ትምህርት ቤቱ ተስፋፋ። በ2015 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ ፖሊሲ ደግሞ ከአንደኛ ክፍል በፊት የሁለት ዓመት ቅድመ መደበኛ ትምህርትን የሥርዓቱ አካል አድርጎ አስቀምጧል። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 31 የሕፃኑን የመጫወት መብት አስፍሯል።

በሩ ተከፍቷል ማለት ነው። ነገር ግን በሩ መከፈቱ አንድ ነገር ሲሆን፣ ከበሩ በስተጀርባ የሚጠብቀው ሌላ ነገር ነው። ስሙን ለውጦ አንደኛ ክፍልን ለትንንሽ ልጆች ማውረድ አፀደ ሕፃናት አያሰኝም።

ሕዝብ ተደራጅቶ ምን መሥራት እንደሚችል ከታሪክ እንማር። እ.ኤ.አ. በ1945 የጸደይ ወራት፣ ፋሺዝም በኢጣሊያ በተንኮታኮተ ሰሞን፣ በሬጂዮ ኤሚሊያ ከተማ አቅራቢያ የምትገኘው የቪላ ቼላ መንደር ገበሬዎችና ሠራተኞች ተሰበሰቡ። የሸሸው የጀርመን ጦር አንድ ታንክ፣ ሦስት የጭነት መኪናዎችና ስድስት ፈረሶች ጥሎ ሄዶ ነበር። መንደርተኞቹ ይህን ሸጠው ገንዘቡን ለምን እናውለው ብለው ተመካከሩ፤ በተለይም ሴቶቹ አጥብቀው በያዙት አቋም መሠረት ለሕፃናት ትምህርት ቤት እንዲውል ወሰኑ። በቦምብ ከፈረሱት ቤቶች ጡብ ለቀሙ፤ አሸዋውን ከወንዝ አወጡ፤ በትርፍ ጊዜያቸውና በእሑድ ቀናት ግንባታውን አካሄዱ። ወሬውን ሰምቶ በብስክሌት የመጣው ወጣት መምህር ሎሪስ ማላጉዚም ከእነርሱ ጋር ቀረ። ሕፃኑ በእጁ፣ በሥዕሉ፣ በጨዋታውና በጥያቄው የሚማርበት፣ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚጠና የትምህርት ዘዴ የተነሣው ከዚያች መንደር ነው። ያው ፋሺስት በ1928 ዓ.ም. አገራችንን የወረረና ሕዝባችንን የፈጀ ነውና፣ ከእርሱ ፍርስራሽ ላይ የሕፃናት ቤት መሠራቱ ለእኛም የተለየ ትርጉም አለው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ፣ የቀበሌ ነዋሪዎች ማኅበራት በአካባቢያቸው ያለውን አፀደ ሕፃናት ሄደው ይመልከቱ። ሲጎበኙም «ስንት ልጆች ተመዘገቡ?» ብቻ ሳይሆን፣ «ልጆቹ በቀን ስንት ሰዓት ይጫወታሉ? በምን ይጫወታሉ?» ብለው ይጠይቁ።

ሁለተኛ፣ ሠራተኛው በሙያው ይተባበር። አናጢው ከቁርጥራጭ ጣውላ ልዩ ልዩ ቅርጽ ያላቸው የመጫወቻ እንጨቶችንና ለሕፃን ቁመት የተመጠነ አግዳሚ ወንበር ሊሠራ ይችላል። ልብስ ሰፊው ከቅራጭ ጨርቅ ኳስና አሻንጉሊት ያወጣል። ብዙው የከተማ ሠራተኛ የገበሬ ልጅ መሆኑን አይዘንጋ፤ ለበዓል ወደ ትውልድ ቀዬው ሲመለስ ይዞት የሚሄደው ምርጥ ስጦታ ይህ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ ተረት አዋቂ አረጋውያን በሳምንት አንድ ቀን በሕፃናቱ መካከል እንዲቀመጡ ይጋበዙ። ትምህርቱም ሕፃኑ ከእናቱ በሰማው ቋንቋ ይሁን።

አራተኛ፣ መምህርቷን ብቻዋን አንተዋት። ልጆቹን ከሰሌዳ ወደ ግራሩ ጥላ ስታወጣ «ሥራ ፈታች» የሚላት ሱፐርቫይዘርና የሚያማት ወላጅ ካለ፣ ወደ አርጩሜዋ መመለሷ አይቀርም። በተግባር የተደገፈ ሥልጠና ማግኘት፣ ተገቢው ክፍያም በወቅቱ ሊደርሳት ይገባል።

በመጨረሻም እኛ ጋዜጠኞች ራሳችንን እንሂስ። ስለ ገጠር ትምህርት ስንጽፍ የተሠሩትን ክፍሎችና የተመዘገቡትን ሕፃናት ቆጥረን፣ ሪፖርቱን አትመን፣ ፋይሉን ዘግተናል። በክፍሉ ውስጥ ያለው ሕፃን እግሩ መሬት መንካት አለመንካቱን ጎንበስ ብለን ያየንበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ያ በዱላው የሚጋልብ ልጅ ሥራ ላይ ነው። ጊዜ አላባከነም፤ እንዲያውም በዕድሜው የሚቻለውን ከፍተኛ ሥራ እየሠራ ነው። የእኛ ተግባር ከፈረሱ ማውረድ ሳይሆን፣ የሚጋልብበትን ሜዳ ማስፋት፣ ጋልቦም ወደ ፊደሉ ደጃፍ ሲደርስ እጁን ይዞ ማስገባት ነው። ይህም የመንግሥት ብቻ ሳይሆን፣ የእያንዳንዱ ቀበሌ፣ የእያንዳንዱ ፋብሪካና የእያንዳንዱ ቤተሰብ ኃላፊነት ነው።