ምልክት እንጂ ፍርድ አይደለም፦ የኦፒዮይድ ሱስና የአንጎል ኤፒጄኔቲክ ለውጥ

ሱስ የአንጎል ሕመም ነው የሚለው አመለካከት በሕክምናው ዓለም ሰፊ ተቀባይነት አግኝቷል። በቅርብ ዓመታት ግን ከዚህ አልፎ የሚሄድ ሌላ አነጋገር እየተለመደ መጥቷል፤ ይኸውም ሄሮይን፣ ሞርፊንና መሰል ኦፒዮይዶች በአንጎል ላይ የማይጠፋ ኤፒጄኔቲክ ጠባሳ ይተዋሉ የሚለው ነው። ይህ አነጋገር ከማስረጃው ቀድሞ የሄደ ነው። ዳፋው ደግሞ ከቤተ ሙከራ አልፎ በታካሚው ላይ ያርፋል።

ኤፒጄኔቲክስ የሚለውን ቃል በ1942 ለሳይንስ ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው ኮንራድ ዋዲንግተን ነው። ዛሬ ቃሉ በዋናነት የሚያመለክተው የዲኤንኤ ቅደም ተከተል ሳይለወጥ የዘረመሎችን ሥራ የሚያጎሉ ወይም የሚገቱ ኬሚካዊ ምልክቶችን ነው። ዲኤንኤ ሂስቶን በተባሉ ፕሮቲኖች ላይ ተጠምጥሞ ይገኛል፤ በሂስቶኖቹ ላይ የአሲቲል ምልክት ሲጨመር ጥምጥሙ ይላላል፤ በአካባቢው ያለው ዘረመልም ለሥራ ይመቻል።

በሰው አንጎል ላይ ከተገኙት ማስረጃዎች መካከል ጋቦር ኤገርቫሪ፣ ያስሚን ኸርድና ባልደረቦቻቸው በ2017 ያሳተሙት ጥናት ተጠቃሽ ነው። ተመራማሪዎቹ ከሞቱ የሄሮይን ተጠቃሚዎች አንጎል ስትራያተም የተባለውን ክፍል መረመሩ። ኤች-3 በተባለው ሂስቶን ላይ የአሲቲል ምልክት በዝቶ፣ ከግሉታሜት ጋር የተያያዙ ዘረመሎች ሥራም ተዛብቶ አገኙ፤ የምልክቱ መብዛት ከተጠቃሚነት ዘመን ርዝመት ጋር የሚሄድ ነበር። ምልክቱን የሚያነብቡ ፕሮቲኖችን የሚያግደው ጄኪው-1 የተባለ ውህድ ለአይጦች ሲሰጥ ደግሞ ሄሮይን ለማግኘት የሚያደርጉት ጥረት ቀነሰ።

ግኝቱ ከባድ ሚዛን አለው። ሆኖም ከሞተ ሰው አንጎል የሚወሰደው ልኬት አንድ ጊዜ ብቻ የሚወሰድ ነው። ምልክቱ ከሱሱ በፊት የነበረ ይሁን፣ ሄሮይኑ ያመጣው ይሁን፣ ወይስ ትምባሆ፣ አልኮልና ከመጠን ያለፈ መድኃኒት የሚያስከትለው የኦክስጅን እጦት ያሳደሩት ይሁን፣ ልኬቱ ብቻውን ለይቶ አይናገርም። የአይጡ ሙከራ የምክንያትነቱን ግምት ያጠናክራል እንጂ በሰው ላይ አያረጋግጠውም። በተጨማሪም የአንጎል ሥጋ የነርቭ ሕዋሳትና የደጋፊ ሕዋሳት ድብልቅ ስለሆነ፣ የሕዋሳቱ መጠን መለዋወጥ የምልክት ለውጥ መስሎ ሊታይ ይችላል። በ2009 በሜታዶን ሕክምና ላይ ባሉ የቀድሞ የሄሮይን ሱሰኞች የደም ሕዋሳት ውስጥ፣ በኦፒዮይድ ተቀባይ ዘረመል ላይ የሜቲል ምልክት በዝቶ መገኘቱም ጠቃሚ መረጃ ነው፤ ነገር ግን ደም አንጎል አይደለም።

«የማይጠፋ» የሚለው ቃል ደግሞ ከራሱ ከግኝቱ መንፈስ ጋር ይጋጫል። የአሲቲል ምልክት በኢንዛይሞች የሚጨመርና የሚነሣ ነው፤ የጄኪው-1 ሙከራ የሰጠው ተስፋም የምልክቱን ተጽዕኖ መግታት ይቻላል ከሚል የመነጨ ነው። የሱስን አካሄድ በተመለከተም ሊ ሮቢንስ በ1970ዎቹ ከቬትናም በተመለሱ አሜሪካውያን ወታደሮች ላይ ያካሄደችው ጥናት አይዘነጋም። በቬትናም ሳሉ ሱሰኛ ከነበሩት መካከል በተመለሱ በመጀመሪያው ዓመት ዳግም በሱስ የወደቁት 5 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ይህ ውጤት አንጎላቸው አልተለወጠም ማለት አይደለም፤ የለውጡ መጠን ምንም ይሁን ምን፣ ስፍራና የኑሮ ሁኔታ ድርሻ እንዳላቸው ግን ያመለክታል።

የጠባሳውን አነጋገር የሚደግፉ ወገኖች ታካሚውን ከወቀሳ ያድናል ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ነገር ግን ወቀሳውን ሲያነሣ ተስፋውንም አብሮ ሊያነሣ ይችላል። ዕጣው በአንጎሉ ተጽፏል የተባለ ሰው ለመታከም ምክንያት ያጣል፤ በጀት የሚመድበው ኃላፊም ገንዘቡን እንደ ባከነ ሊቆጥረው ይችላል። ሕይወት የሚያተርፈው ሕክምና ግን ዛሬም በእጅ አለ። ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን ከ2005 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ይገኛሉ። በዳሬ ሰላም የሚገኘው የሙሂምቢሊ ብሔራዊ ሆስፒታልም በ2011 የሜታዶን አገልግሎት ሲጀምር የኤፒጄኔቲክስ ካርታ እስኪጠናቀቅ አልጠበቀም።

ስለዚህ በዚህ መስክ የሚጽፍ ተመራማሪ ሦስት ነገሮችን ከርዕሱና ከአጠቃሎው ጀምሮ ግልጽ ሊያደርግ ይገባል፦ የተመረመረው የትኛው የአካል ክፍል እንደሆነ፣ የትኛው ሕዋስ እንደሆነና ልኬቱ መቼ እንደተወሰደ። «አስከተለ» ከማለት «ተያይዞ ታየ» ማለት የግኝቱን ክብር አይቀንስም። «ጠባሳ» የሚለው ቃልም፣ ሱሱን ትተው ለዓመታት የቆዩ ሰዎች ምልክቱን እንደያዙ መቅረታቸው እስኪታይ ድረስ ቢቆይ ይሻላል። የአንጎል ናሙና ማከማቻዎች በብዛት ያሉት በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ መሆኑ ሲታሰብ፣ ከዚያ የተገኘውን ለሰው ልጅ ሁሉ አጠቃልሎ መናገር ተጨማሪ ጥንቃቄ ይሻል። ምልክቱ የት እንደሚፈለግ የሚያመለክት ማስረጃ ነው፤ በሕይወት ባለ ሰው ላይ የሚነበብ ፍርድ ግን አይደለም።