ደም የሚሰጠው ምስክርነት

ከላቦራቶሪ በምትወጣ ቁራጭ ወረቀት ላይ «ፖዘቲቭ» የሚል ቃል ሰፍሮ ሲገኝ ጉዳዩ ያለቀለት ይመስላል። ታማሚው የበሽታውን ስም አወቀ፣ ቤተሰቡ መድኃኒት ፍለጋ ተነሣ፣ ጎረቤቱም «ተገኘበት» እያለ ወሬውን አዳረሰ። ሆኖም ውጤቱ የአንቲቦዲ ምርመራ ውጤት ከሆነ ላቦራቶሪው በሽታውን አላየም። ያየው የታማሚው ሰውነት ስለ አንድ እንግዳ ነገር የያዘውን ማስታወሻ ነው። በማስታወሻውና በበሽታው መካከል ያለው ርቀት በትምህርት ቤትም ሆነ በዩኒቨርሲቲ በበቂ አይነገረንም ብለን ስለምናምን በጉዳዩ ላይ ያለንን አስተያየት ለአንባብያን እናቀርባለን።

እንደሚታወቀው አንቲቦዲ ከነጭ የደም ሴሎች ወገን ከሆኑት ቢ ሴሎች የሚመነጭ ፕሮቲን ነው። ባክቴሪያ ወይም ቫይረስ ወደ ሰውነት ሲገባ በገጹ ላይ ካሉት ሞለኪውሎች ጋር የሚገጥሙ አንቲቦዲዎች ይዘጋጃሉ። ዝግጅቱ ቀናትን፣ አንዳንዴም ሳምንታትን ይወስዳል። በመጀመሪያ አይጂኤም፣ ቀጥሎ አይጂጂ የተባሉት ዓይነቶች ይመጣሉ፤ የኋለኛው በሽታው ከዳነ በኋላም ለዓመታት በደም ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ምርመራው በሁለት በኩል ሊያሳስት ይችላል፤ በሽታው ገና ሲጀምር «የለም»፣ ካለፈ በኋላ ደግሞ «አለ» ሊል ይችላል።

ለዚህ የላይም በሽታ ጥሩ ማስረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 በአሜሪካ ኮኔቲከት ግዛት፣ ላይም በተባለች ከተማና በአካባቢዋ የሚኖሩ እናቶች ልጆቻቸው ጉልበታቸው እያበጠ መቸገራቸውን ለጤና ባለሥልጣናት አመለከቱ። ሐኪሞች ለበርካታዎቹ የሰጡት ስም የልጆች የመገጣጠሚያ ብግነት፣ ማለትም የመከላከያ ኃይላችን የገዛ አካላችንን ከሚያጠቃባቸው በሽታዎች አንዱ ነበር። እናቶቹ ግን ይህን የመሰለ ብርቅ በሽታ በአንድ አካባቢ ይህን ያህል ልጆች እንዴት ሊይዝ ቻለ ብለው ጠየቁ። ከሳይንስ ሰው የሚጠበቀውን ጥያቄ ቀድመው ያነሡት እናቶቹ መሆናቸውን ሳንጠቅስ አናልፍም። አለን ስቲርና ባልደረቦቹ በ1977 ባወጡት ጥናት 51 ታማሚዎችን ገለጹ፤ ከእነዚህ 39ኙ ልጆች ነበሩ። በ1981 ደግሞ ዊሊ በርግዶርፈር በኒውዮርክ ከሼልተር ደሴት በመጡ መዥገሮች ሆድ ዕቃ ውስጥ ጥምዝምዝ ባክቴሪያ አገኘ፤ ባክቴሪያዋም በስሙ ቦሬሊያ በርግዶርፈሪ ተባለች። ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት በሽታ የተባለው መዥገር የሚያስተላልፈው፣ በአንቲባዮቲክ የሚታከም ኢንፌክሽን ሆኖ ተገኘ።

ባክቴሪያዋን ከደም ውስጥ ማግኘት አዳጋች ስለሆነ ምርመራው በአንቲቦዲ ላይ ተመሠረተ። በ1994 በሚቺጋን ግዛት በዲርቦርን ከተማ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ሁለት እርከን ያለው አሠራር አቀረቡ፤ መጀመሪያ ኢላይዛ፣ እርሱ ፖዘቲቭ ወይም አጠራጣሪ ከሆነ ዌስተርን ብሎት። በሁለተኛው እርከን አይጂጂ ፖዘቲቭ የሚባለው ከተመረጡት 10 መስመሮች ቢያንስ 5ቱ ሲታዩ ነው። አንድ ሁለት መስመርማ በጤነኛ ሰው ደምም ይታያል። ከ2019 ወዲህ በአሜሪካ በዌስተርን ብሎት ምትክ ሁለተኛ ኢላይዛ መጠቀም ተፈቅዷል። ይሁን እንጂ ከመዥገር ንክሻ በኋላ እየሰፋ የሚሄደው ቀይ ሽፍታ ከታየ ሐኪሙ የደም ውጤት ሳይጠብቅ ሕክምና ይጀምራል፤ በዚያን ጊዜ አንቲቦዲው ብዙውን ጊዜ ገና አልተዘጋጀምና።

እስቲ አንድ ስሌት እንሥራ። ከ1000 ሰዎች አንዱ ብቻ ላይም አለበት፣ ምርመራው ደግሞ ከ100 ጤነኞች 98ቱን በትክክል «የለባችሁም» ይላል እንበል። የሚያስመሰግን ምርመራ ነው። ሆኖም ሺውንም ሰዎች ብንመረምር ከ999ኙ ጤነኞች 20 ያህሉ ፖዘቲቭ ይወጣሉ። እውነተኛው ታማሚ ቢገኝ እንኳ ከ21 ፖዘቲቮች አንዱ እርሱ ብቻ ነው። ያው ምርመራ መዥገር በሞላበት ጫካ ሰንብቶ ጉልበቱ ላበጠ ሰው ሲደረግ ግን «ፖዘቲቭ» የሚለው ቃል እጅግ የላቀ ክብደት ይኖረዋል።

የቦሬሊያ ዘመዶችም ነገሩን ያወሳስቡታል። ቦሬሊያ ሪከረንቲስ በኢትዮጵያ በደንብ ትታወቃለች፤ በቅማል እየተላለፈች የሚያገረሽ ትኩሳት የምታመጣው እርስዋ ናት። ትኩሳቱ የሚያገረሸው ባክቴሪያዋ አንቲቦዲው ሲደርስባት የገጽዋን ፕሮቲን ስለምትለዋውጥ ነው። ሁለቱ ቦሬሊያዎች የሚጋሩዋቸው ሞለኪውሎች በመኖራቸው በዚህ ትኩሳት የታመመ ሰው ደም በላይም ኢላይዛ ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። በ2015 ከአፍሪካ ቀንድ ተነሥተው አውሮፓ በደረሱ ስደተኞች ላይ በሽታው ታይቶ ነበር። የታማሚውን የጉዞ ታሪክ ሳይጠይቅ የላይም ምርመራ ብቻ የሚያዝ ሐኪም ሊሳሳት እንደሚችል መገመት አያዳግትም። የአገራችን የላቦራቶሪ ባለሙያ በበኩሉ የደም ጠብታ በመስተዋት ላይ ቀብቶ፣ በጊምሳ ቀለም ነክሮ፣ ባክቴሪያዋን ራስዋን በማይክሮስኮፕ ይፈልጋታል።

ሰውነት ራሱን ወደሚያጠቃባቸው በሽታዎች ስንመለስ ኤኤንኤ የተባለውን ምርመራ እናገኛለን። ይህ ምርመራ በሴል ኒውክለስ ላይ የተነሡ አንቲቦዲዎችን የሚፈልግ ሲሆን፣ የሉፐስ ታማሚዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ፖዘቲቭ ናቸው። ነገር ግን በ1997 የታተመ፣ የብዙ አገሮች ላቦራቶሪዎች የተሳተፉበት ጥናት እንዳሳየው ሴረሙ 40 እጥፍ ተበርዞ ሲመረመር ከጤነኞቹ 31.7 በመቶው፣ 160 እጥፍ ሲበረዝ ደግሞ 5 በመቶው ፖዘቲቭ ሆነዋል። ስንት እጥፍ እንደተበረዘ ያልተጻፈበት የኤኤንኤ ውጤት፣ በእኛ አስተያየት፣ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ነው። እዚህ ላይ ግን አቋማችንን ማለዘብ ይገባናል። በ2003 የወጣ ጥናት የአሜሪካ ወታደሮችን ተቀምጦ የቆየ ሴረም መርምሮ፣ ኋላ ሉፐስ ከያዛቸው 130 ሰዎች 88 በመቶው በሽታው ከመታወቁ በፊት በገዛ አካላቸው ላይ የተነሣ ቢያንስ አንድ ዓይነት አንቲቦዲ እንደነበራቸው አረጋግጧል። ዛሬ ትርጉም የለሽ የሚመስል ውጤት ከዓመታት በኋላ ትርጉም ሊያገኝ ይችላል ማለት ነው።

ላይምና ራስን ማጥቃት ፈጽሞ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው ማለትም አይቻልም። ከላይም ታማሚዎች ጥቂቶቹ አንቲባዮቲክ ከጨረሱ በኋላም የጉልበታቸው ብግነት አይለቃቸውም፤ ተመራማሪዎች ኢንፌክሽኑ የመከላከያ ኃይሉን በራሱ አካል ላይ አነሣሥቶት ሊሆን እንደሚችል ይገልጻሉ። ለእነዚህ ሰዎች የላይም አንቲቦዲ ምርመራ መደጋገም ባክቴሪያዋ መኖር አለመኖርዋን አይነግርም። በዚያ ውጤት ብቻ አንቲባዮቲክ ላይ አንቲባዮቲክ መጨመር ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም እንላለን።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ ለሚመስለው አንባቢ የዊዳልንና የዌይል ፊሊክስን ምርመራ እናስታውሰው። «ታይፎይድና ታይፈስ ተገኘብኝ» ሲባል ሰምቶ የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለንም። ዊዳል ከ1896 ጀምሮ የሚታወቅ የአንቲቦዲ ምርመራ ነው፤ ቀድሞ የያዘ ታይፎይድ፣ ክትባት ወይም ሌላ የሳልሞኔላ ዝርያ ፖዘቲቭ ሊያደርገው ይችላል። የ1916ቱ ዌይል ፊሊክስ ደግሞ የታይፈስን ተሕዋስ ጨርሶ አይጠቀምም፤ የታይፈስ አንቲቦዲ ፕሮቲየስ የተባለችውን ሌላ ባክቴሪያ በስሕተት ስለሚይዝ በዚያች ስሕተት ላይ የተሠራ ነው።

የዊዳልን ውጤት በአግባቡ ለመተርጎም ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለተኛ ናሙና ወስዶ የአንቲቦዲው መጠን አራት እጥፍ መጨመሩን ማየት ያስፈልጋል። በዚያን ጊዜ ታማሚው መድኃኒቱን ጨርሶ ወደ ሥራው ተመልሷል፤ ለሁለተኛ ናሙና ማን ይመለሳል? ባክቴሪያውን ከደም አሳድጎ የሚያሳየው የደም ካልቸር ምርመራ የተሻለ ነው፤ እርሱ ግን ቀናት፣ መሣሪያና የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል። ለላቦራቶሪ የሚመደበው ገንዘብ ወዴት ይሂድ የሚል ውይይት ቢነሣ፣ እኛ ድምፃችንን የምንሰጠው ለደም ካልቸር ነው። እስከዚያው ድረስ በውጤት ወረቀቱ ላይ ትኩሳቱ የጀመረበት ቀንና ሴረሙ የተበረዘበት መጠን አብረው ቢጻፉ ተጨማሪው ወጪ ጥቂት የብዕር ቀለም ብቻ ነው።