ስለ ቁጣ ወይስ ስለ ህሊና?

ባሌ፣ ዲንሾ ላይ የጠዋት ብርድ ጣት ያደነዝዛል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ስብሰባ ላይ ወረቀት ሲዞር ከአንዲት እናት አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ወረቀቱ ስለ አንድ ጎረቤታችን ነው፤ ያላየነውን አይተናል የሚል። መጻፍ የማይችለው አውራ ጣቱን የማኅተም ቀለም እያስነካ ያትማል። እሳቸው ተራቸው ሲደርስ እጃቸውን ከነጠላቸው ሥር አላወጡም። «ልጄ፣ እኔ አላየሁም» አሉ። ከኋላችን የተቀመጠ፣ በደብራችን የሚያስተምር ሰው ጠጋ ብሎ «ኧረ እማማ፣ ሮሜ 13ን ረሱት እንዴ?» አላቸው። እኔ ፈርሜ ነበር።

ለባለሥልጣናት ተገዙ የሚለው ያ ምዕራፍ በመካከላችን እንዲህ ሆኖ ቀርቷል፤ ሰው አልፈርምም፣ አልመሰክርም ባለ ቁጥር አፉን መዝጊያ። ከፍርሃታችን ላይ መንፈሳዊ ልብስ ደርበንበት መታዘዝ እንለዋለን። ምዕራፉን አንብቦ የጨረሰ ግን ሌላ ነገር ያገኛል። ሐዋርያው ባለሥልጣንን የሚያየው ለበጎ ነገር እንደቆመ አገልጋይ ነው። የመታዘዙንም ምክንያት ቁጣን በመፍራት ላይ አያቆመውም፤ ህሊና ድረስ ይወስደዋል። ጎረቤቱን በሐሰት የሚከስ ሰው የትኛውን ህሊናውን ይዞ ነው የሚታዘዘው? ደብዳቤውን የጻፈው ጳውሎስም ቢሆን በኔሮን ዘመን ሮም ላይ አንገቱን እንደተቀላ ቤተ ክርስቲያን ታስተምረናለች። እምነትህን ተው ሲባል አልታዘዘም።

በጣሊያን ወረራ ጊዜ አርበኞችን አውግዙ ሲባሉ እንቢ ብለው ሐምሌ 1928 አዲስ አበባ ላይ የተረሸኑትን አቡነ ጴጥሮስን ሁላችንም እናከብራለን። «ያኮ ወራሪ ነው» ይሉኛል። እሺ፣ የ1971ዱስ ክረምት? ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ ያለ መንግሥት ፈቃድ ጳጳሳት ሾሙ ተብለው በ1968 ከመንበራቸው ወርደው ታስረው ነበር። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ደግሞ ከአገር የሚወጡበት መንገድ ቢመቻችላቸውም መንጋዬን ጥዬ አልሄድም ብለው ቀሩ። ሐምሌ 21 ታፍነው ተወሰዱ። ሁለቱንም በዚያው ክረምት የገደላቸው የገዛ አገራቸው መንግሥት ነው። የዚያን ጊዜም ሮሜ 13 እየተጠቀሰ ዝም በሉ የተባለ ምእመን ሳይኖር አይቀርም።

ለእኛ ለባሌ ክርስቲያኖች ነገሩ ከዚህም ይከብዳል። በ1955 ዋቆ ጉቱና ሌሎቹ የባሌ መሪዎች በንጉሡ መንግሥት ላይ ሲያምፁ፣ መሬቱ በቀላድ ተለክቶበት፣ ግብር አቅቶት ማሳውን የተነጠቀ ገበሬ ከኋላቸው ነበር። ከባለመሬቶቹ መካከል ቤተ ክርስቲያንም ነበረች። ተገዙ የሚለውን ትምህርት ያ ገበሬ የሰማው ማሳውን ከያዘበት ወገን አፍ ነው፤ ከእኛ ከአያቶቻችን አፍ። ይህን ሳንናዘዝ ስለ መታዘዝ ዐውደ ምሕረት ላይ መቆም አይገባንም እላለሁ።

የምንታዘዘው ለህሊና ቢሆን ኖሮ እዚሁ ባለው በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ይታወቅ ነበር። የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የለም፤ እዚህ እደጃችን ጥድና ኮሶ ሥር ተጠልሎ ያድራል። ያን ደን አትቁረጡ የሚለው ሕግ ማንንም በሐሰት አያስከስስም። ግን ጠባቂው ዞር ሲል መጥረቢያ ይሰማል፣ ጥዱን ያወረደውም እሁድ ቅዳሴ ላይ አለ። የማገዶን ችግር እኔም አውቀዋለሁ፣ በዚህ ብርድ ልጅ ማሞቅ ግድ ነው። ሆኖም ለመጥረቢያው ሮሜ 13ን የጠቀሰ መምህር እስካሁን አልሰማሁም።

እማማ ግን ግብራቸውን ሳይዘገዩ ይከፍላሉ፤ ደረሰኙን በመቀነታቸው ጫፍ ቋጥረው ይይዙታል። የዚያን ቀን ከስብሰባው ስንወጣ የጎረቤታችንን በር አንኳኩተው ገቡ። እኔ በዚያ ደጅ ማለፍ አፍሬ በላይኛው መንገድ ዞሬ ሄድኩ።