«ጃፓን ተርበን መጣን» ለምትሉን

ከውጭ አገር ሥልጠና የሚመለስ የመሥሪያ ቤት ሰው ሁለት ነገር ሳይዝ አይመጣም። አንደኛው ከሆቴል መታጠቢያ ቤት የተለቃቀመ ትንንሽ ሻምፑ ነው። ሁለተኛው የረሃብ ወሬ። የተሄደበት አገር ጃፓን ከሆነ ደግሞ ወሬው ይረዝማል። «አንድ ፖም በዚህን ያህል ብር!» ይባላል። «ጥሬ ዓሣ አቀረቡልን» ይባላል። «በሶ ባልይዝ ኖሮ ሬሳዬ ነበር የሚመጣላችሁ» ይባላል። ሰሚውም ከንፈሩን ይመጥጣል።

እኛ ይህን ወሬ ሰምተን ያደግን ነን። በ2025 መጨረሻ ላይ (በፈረንጆቹ ነው፤ እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደዚያው) ሁለት ሆነን ለአጭር ሥልጠና ቶኪዮ ልንሄድ ስንል፣ ቀድመውን ደርሰው የመጡ አንድ አንጋፋ ባልደረባችንን ምክር ጠየቅን። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ልጆቼ፣ ስሙኝ። ሬስቶራንት የሚባል ደጃፍ እንዳትረግጡ። እዚያ አገር አንድ ምሳ የአንድ ወር የቤት ኪራይ ነው። ኑድል ግዙ፣ ውኃ አፍሉ፣ አበላችሁን ይዛችሁ ኑ» አሉን። እናቶቻችንም ጨመሩበት፤ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ በላስቲክ ላይ ላስቲክ የታሰረ ሚጥሚጣ። ሻንጣው በስንቅ ሞልቶ ጃኬቶቻችንን ለብሰናቸው አውሮፕላን ገባን።

ዛሬ የተነሳነው ይህን ምክር ለመሞገት ነው። ጋሼን አይደለም፤ ጋሼን እንወዳቸዋለን።

አስቀድመን ግን የራሳችንን እንናዘዝ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሌሊቶች እንደተመከርነው አሳለፍን። ክፍሉ ሁለት አልጋና አንድ የውኃ ማፍያ የያዘ፣ ሻንጣ ከተከፈተበት መራመድ የማይቻልበት ክፍል ነው። አልጋ ላይ ተቀምጠን ኑድላችንን እየነፋን በላን። በኑድሉ ላይ ቂም የለንም። ሞሞፉኩ አንዶ በ1958 የፈጣን ኑድልን፣ በ1971 ደግሞ የኩባያውን ለዓለም ያበረከቱ ሰው ናቸው፤ ነፍስ ይማር። ነገር ግን ሰፈራችን ሱቅ መደርደሪያ ላይ የሚገኘውን ነገር ለመብላት ስንት ባሕር ተሻግሮ መሄድ ምን የሚሉት ነው? ከታች ከመንገዱ ደግሞ የሚጠበስ ነገር ሽታ በመስኮት ይገባል። በአራተኛው ቀን እልህ ይሁን ረሃብ፣ ወረድን።

የገባንበት ቤት «ጊዩዶን» የሚባለውን የሚሸጥ ነው። በቀጭኑ የተቆረጠ የበሬ ሥጋ ከሽንኩርት ጋር በጣፈጠ የሶያ መረቅ በስሎ፣ በጎድጓዳ ሳህን ሩዝ ላይ ይደረጋል። በቃ ይኸው ነው። በር ላይ የትኬት ማሽን አለ። ፎቶውን አይተህ ትጫናለህ፣ ሳንቲም ታስገባለህ፣ ወረቀት ይወጣልሃል። ቋንቋ አያስፈልግም፤ «ዋጋው ስንት ነው?» ብሎ መሳቀቅም የለም፤ ዋጋው ከፎቶው ሥር ተጽፏል። ባንኮኒው ጋ ተቀምጠን ጃኬታችንን ሳናወልቅ ሳህኑ ደረሰ። ውኃው ወይም ሻዩ በነፃ ነው። የተቦጫጨቀ ቀይ ዝንጅብልና የበርበሬ ቅልቅል ባንኮኒው ላይ ተቀምጦ እንደፈለግህ ትጨምራለህ (ሚጥሚጣችንን በድብቅ አውጥተን መነስነሳችንንም አንክድም)። ለአስተናጋጅ ጉርሻ መስጠት የሚባል ነገር የለም፤ ጠረጴዛ ላይ ትተህ ብትወጣ ረሳኸው ብለው መንገድ ላይ ሮጠው ይመልሱልሃል።

ዋጋው? በዚያን ሰሞን በሦስቱ ትልልቅ ድርጅቶች፣ በዮሺኖያም በሱኪያም በማትሱያም፣ መደበኛው ሳህን ከ450 እስከ 500 የን ነበር።

ጎናችን የተቀመጡትን አየን። ክራባቱን ትከሻው ላይ የጣለ የቢሮ ሰው፣ የጭነት መኪና ሹፌር የሚመስል ሰው፣ ደብተር የዘረጋች ተማሪ። አንዳቸውም አያፍሩም። ለምን ያፍራሉ? ዮሺኖያ በ1899 ሲጀመር ቶኪዮ ኒሆንባሺ በነበረው የዓሣ ገበያ ለሚሯሯጡ ሠራተኞች ምግብ ሊያቀርብ ነው። ከ1923ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ገበያው ወደ ጹኪጂ ሲዛወር እሱም ተከትሎ ሄደ። ሥራ የያዘ ሰው በአሥር ደቂቃ በልቶ እንዲነሣ ታስቦ የተሠራ ምግብ ነው፤ አገሬው ከመቶ ዓመት በላይ ሲበላው ኖሯል። እኛ ዘንድ ግን ርካሽ ምግብ የሚበላ ሰው ሰው እንዳያየው ጥግ ይፈልጋል። ይህንን ዓመላችንን ይዘን ቶኪዮ ሄደን ሆቴል ክፍል ውስጥ ተደበቅን።

አሁን ወደ ብሩ። በጁላይ 2024 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ፣ በ2025 መጨረሻ ላይ አንድ የንና አንድ ብር ዋጋቸው ሊገናኝ ጥቂት ነበር የቀረው። ስለዚህ ሒሳቡ ለሰነፍም ቀላል ነበር። የ500 የን ምሳ ማለት ወደ 500 ብር የሚጠጋ ምሳ ነው። ቦሌ አንድ በርገር በስንት እንደምትበሉ እናንተው ታውቃላችሁ፤ ደረሰኙ ላይ የሚጨመረውን ሳንቆጥር ማለት ነው። የጋሼ ወሬ የተወለደው የን ተራራ በነበረበት ዘመን ነው። በ2011 አንድ ዶላር ሰማንያ የን እንኳ አይሞላም ነበር፤ በ2024 ክረምት ከ160 በላይ ደርሷል። ወሬው ግን ምንዛሪ አይከታተልም።

እዚህ ላይ የሚነሣውን ጥያቄ እናውቀዋለን። «ደመወዛችንስ?» ልክ ነው። ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ በቶኪዮ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 1,226 የን ነው። እዚያ ሳህን የሚያጥብ ልጅ የጊዩዶኑን ዋጋ በግማሽ ሰዓት አካባቢ ያገኘዋል። እኛ ዘንድ ለግሉ ዘርፍ አገር አቀፍ ዝቅተኛ ደመወዝ ራሱ አልተወሰነም። ስለዚህ በራሱ ደመወዝ ጃፓን የሚዞር የመንግሥት ሠራተኛ አለ ብለን አንቀልድም። የምንናገረው አበል ተቆርጦለት ስለሄደው ሰው ነው። ለምሳና ለእራት ተብሎ ገንዘብ ስለተሰጠው።

እንግዲህ ጉዳዩ እዚህ ላይ ነው። «አበል በላ» እንላለን እንጂ የማይደረገው ነገር መብላቱ ነው። ቁጠባውን አንነቅፍም። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ከአበል ትራፊ የሚሸፈንባት አገር ልጆች ነን፤ ማን ማንን ይወቅሳል? የምንነቅፈው ቁጠባውን ደብቆ አገሩን መወንጀሉን ነው። «ልቆጥብ ብዬ ኑድል በላሁ» ማለት ምን ነውር አለው? «ምግብ የሌለበት፣ ቢኖርም የማይቀመስ አገር» ሲባል ግን ወሬው ሌላ ሰው ቤት ገብቶ ይጎዳል። የትምህርት ዕድል አግኝታ፣ ቤተሰቦቿ «ልጃችን በረሃብ ልታልቅ ነው» ብለው ሊያስቀሯት የደረሱ ጓደኛ አለችን። ማስረጃቸው ምን ነበር? ሥልጠና ደርሶ የመጣ የጎረቤት ሰው ወሬ።

«እሺ፣ ግን እኛ የማንበላው ነገር ብዙ ነው» የሚለው ሙግት ከሁሉም ይከብዳል፤ ይህንን በቀልድ አናልፈውም። እውነት ነው፣ አሳማ በየሳህኑ አለ። ራመን የሚባለው ዝነኛ ሾርባ፣ በተለይ የፉኩኦካው ዓይነት፣ የአሳማ አጥንት ተቀቅሎ የሚሠራ ነው፤ ሥጋው ቢወጣ መረቁ አይወጣም። ራመንን ብዙዎቻችን መተው አለብን፤ አለቀ። ሙስሊም ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ደግሞ ጊዩዶኑንም ይተዋሉ፤ ለእነሱ በትልልቆቹ ከተሞች የሐላል ቤቶች አሉ፣ ዋጋቸው ግን ከፍ ይላል። ከመሄዳችሁ በፊት ሁለት ፊደል አጥኑ፤ የበሬውንና የአሳማውን። «ጊዩ» እና «ቡታ» ይባላሉ። እኛ መዳፋችን ላይ በእስክሪብቶ ጽፈናቸው ነበር።

ጾሙስ? ጃፓን ውስጥ አትክልት የሚመስለው ሁሉ «ዳሺ» የሚባል መረቅ ነክቶታል፤ ዳሺ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከደረቀ ዓሣ ነው። ዓሣ የጾም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትተን፣ የሚበላ ሰው ረቡዕና ዓርብ በባቡር ጣቢያው የቁም ሶባ ቤት በጥቂት መቶ የን ይጠግባል። የማይበላው ደግሞ ሱቅ ይግባ። እንደ ሴቨን ኢለቨን፣ ላውሰንና ፋሚሊማርት ያሉት ሌሊትም የሚሸጡ ሱቆች በየማዕዘኑ አሉ። በባሕር ሣር የተጠቀለለ ሩዝ፣ ኦኒጊሪ፣ ውስጡ ኮምጣጣ ፕለም ያለው፤ ሁለቱ ከ400 የን አይበልጥም። የተቀቀለ አረንጓዴ ሶያ ጨምሩበት። ናቶ የሚባል የፈላ ሶያም አለ፤ ሽታው ያስደነግጣል፣ ግን ኮጮን በልቶ ያደገ ሰው ናቶን ሊንቅ አይገባውም።

ከሁሉ ያስደሰተን የማታው ሱፐርማርኬት ነው። ከመዝጊያው ሰዓት በፊት ለዕለቱ የተሠራው ምግብ፣ ሩዙ፣ የተጠበሰው ዓሣ፣ ሰላጣው፣ ዋጋው መውረድ ይጀምራል። አንድ ሠራተኛ የስቲከር መለጠፊያ ይዞ ይመጣል። መጀመሪያ ሃያ፣ ሠላሳ በመቶ ይቀንሳል። ቆይቶ «ሃንጋኩ»፣ ግማሽ ዋጋ። ለዚህች ሰዓት የሚጠብቁ እናቶች፣ ሽማግሌዎችና ተማሪዎች መደርደሪያውን ሳያዩ እያዩ ይንጎራደዳሉ። ማንም አይጋፋም፤ ስቲከር ያልተለጠፈበትን አንስቶ «ይለጠፍልኝ» ማለትም ነውር ነው። እኛ በሦስተኛው ማታ ሥርዓቱን ተማርን፤ በአምስተኛው አንዲት እናት ገና የተለጠፈበትን የሳልሞን ሳህን በአገጫቸው ጠቆሙን። የትላልቅ መደብሮች ምድር ቤትም እንዲሁ ነው፤ ቀን በመስታወት የሚያስጎመጀው ማታ ይረክሳል። ከኦክቶበር 2019 ወዲህ ደግሞ ይዘህ የምትሄደው ምግብ ታክሱ 8 በመቶ፣ ቁጭ ብለህ የምትበላው 10 በመቶ ነው። በሁለት በመቶ ልዩነት ሆቴል ገብቶ መብላትን ብንመርጥ ማን ይፈርድብናል?

ቅዳሜና እሑድ በሌሊት አውቶቡስ ኦሳካ ደርሰን መጥተናል። የኦሳካ ሰው ለምግብ ሲል ኪሱን ያራቁታል ይባላል፤ እኛ ግን የተጠበሰ ቶፉ የተደረገበት ኪትሱኔ ኡዶን በልተን ኪሳችን አልተራቆተም። ስንመለስ ናጎያ ወረድን። እዚያ ጠዋት ቡና ካዘዝክ በቡናው ዋጋ ዳቦና እንቁላል ይጨመርልሃል። ለቡና አገር ልጆች ይህ ሊነገር የሚገባው ነው።

ከጋሼ ተቃራኒ የቆሙትንም ሳንነካ አናልፍም። ኑድል አንበላም ብለው ፎቶ የሚበሉትን ማለታችን ነው። በፌብሩዋሪ 2024 ከቶዮሱ የዓሣ ገበያ አጠገብ ለጎብኚ የተዘጋጀ መንደር ተከፍቶ፣ ከ10,000 የን በላይ የሚጠየቅበት የባሕር ምግብ ሳህን ወሬ ሆነ። ጃፓኖቹ ራሳቸው ስቀው «ኢንባውንዶን» አሉት፤ የመጤ ጎብኚ ሳህን እንደማለት። ለዚህ ተሰልፎ፣ ፎቶ አንስቶ፣ ከዚያ «ጃፓን ውድ ነው» ብሎ መጻፍ ከበሶው ወሬ በምን ይሻላል? የአገሬው ሰው ምሳውን ከ1,000 የን በታች ለማድረግ ሲያሰላ፣ ጎብኚው ራሱ ያስወደደውን ይከሳል።

ርካሽነቱን ስናወድስ ግን ማን እንደሚከፍለው ረስተን አይደለም። የጊዩዶን ቤቶች የዋጋ ፉክክር በ2001 ሳህኑን 280 የን አድርሶት ነበር። ያንን ያህል ርካሽ ምግብ አንድ ሰው ላይ ያርፋል። በ2014 ከእነዚህ ድርጅቶች በአንዱ ሌሊቱን ሙሉ ምግብ ሠሪውም፣ አስተናጋጁም፣ ሒሳብ ተቀባዩም አንድ ሠራተኛ ብቻ መሆኑ አንገሽግሿቸው ሠራተኞች ሥራ ለቀቁ፤ ብዙ ቅርንጫፎች ለጊዜው ተዘጉ። በ2025 የጸደይ ወራት ደግሞ ሱፐርማርኬት ውስጥ አምስት ኪሎ ሩዝ ከ4,000 የን አልፎ፣ ካለፈው ዓመት በእጥፍ ተሰቅሎ ነበር፤ መንግሥት የመጠባበቂያ ሩዙን አውጥቶ መሸጥ ጀመረ። ያች ግማሽ ዋጋ የምትጠብቅ እናት ለጨዋታ አይደለም የምትጠብቀው። ይህን ካወቅን በኋላ የመጨረሻዋን አንዲት ሳህን ማንሣት ከብዶን ነበር፤ ሁለት ማታ ትተናት ወጥተናል፣ በሦስተኛው ግን ርቦን ነበርና አነሣናት። ትሪያችንን ራሳችን መለስን፣ በምሳ ሰዓት ወንበር ይዘን አልተጫወትንም፣ ሩዝ አላስተረፍንም። ለዋጋው የምንጨምረው ይኸንኑ ነበር።

ስንመለስ ጋሼ በረንዳው ላይ አገኙን።

«እህሳ፣ ስንት ተረፋችሁ?»

ትንሽ መትረፉን ነገርናቸው፤ ግማሹን አበል መብላታችንንም። ራሳቸውን ነቀነቁ። በሶውን ሳይከፈት መልሰን አምጥተነው ነበርና ለእሳቸው ሰጠናቸው፤ በሚቀጥለው ወር ለስብሰባ ሴኡል ይሄዳሉ።